አጥንት ለቃሚና መዝጋቢ፤ ስለ ዳይኖሰር የሰሌዳ ጨዋታዎች የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ጨዋታ ለልጆች ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም በመምህራን ዘንድ አከራካሪ ጉዳይ አይደለም። ገበጣ ሲጫወት ያደገ ልጅ መቁጠርን፣ ማከፋፈልንና የባላጋራውን ሐሳብ አስቀድሞ መገመትን መጽሐፍ ሳይገልጥ እንደሚለምድ ሁላችንም ያየነው ነው። የሚያከራክረው ሌላ ነው። አንድ ጨዋታ ይህን ወይም ያን የዕውቀት ዘርፍ አስተምራለሁ ብሎ ሲቀርብ፣ በእርግጥ የሚያስተምረው በሣጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ነው ወይስ ነጥብ የሚሰጥበትን? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት ሁለተኛው ነው። ልጅ የሣጥኑን ክዳን አንድ ጊዜ አይቶ ያስቀምጠዋል፤ ነጥቡን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። ነጥብ የሚያስገኝለትን ይደጋግማል፤ የማያስገኝለትን ይተዋል።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ ሣጥን ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመዴ ለቤታችን ልጆች ብሎ ያመጣው፣ ስለ ዳይኖሰር አጥንት ቁፋሮ የተሠራ የሰሌዳ ጨዋታ ነበር። ይህን ያዩ አንዲት የሳይንስ መምህርት፣ በሚሠሩበት ትምህርት ቤት ለሚገኘው የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል መሰሉን በእርዳታ መጠየቅ ይገባቸው እንደሆነ አማከሩኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። መልሱን በአንድ ሳምንት እሰጣለሁ ብዬ ጨዋታውን ከልጆቹ ጋር መጫወት፣ የሌሎችንም መሰል ጨዋታዎች ሕግ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርሁ፤ ነገሩ ግን ሳምንቱን አልፎ ወራት ወሰደ።

በቅድሚያ እነዚህ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚወለዱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሚበዙት ለሕትመት የበቁት አሳታሚ በራሱ ገንዘብ አሠርቷቸው ሳይሆን፣ ገና ሳይሠሩ ከወደፊት ተጫዋቾች በተሰበሰበ ቀብድ ነው። በዚህ አገልግሎት ከታወቁት ድርጅቶች ዋነኛው ኪክስታርተር እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሥራ ጀመረ። የጨዋታው ደራሲ ወይም አሳታሚ የሥራውን ሥዕልና ማብራሪያ ለሕዝብ ያቀርባል፤ የሚያስፈልገውን የገንዘብ መጠንና ቀነ ገደቡንም ይወስናል። የተባለው ገንዘብ በተባለው ቀን ካልሞላ ከማንም ላይ አንዲት ሳንቲም አትነሣም። ከሞላ ግን ገንዘቡ ይሰበሰባል፤ አገናኙ ድርጅት ከመቶ አምስት እጅ ይወስዳል፤ ጨዋታውም መሠራት ይጀምራል። ከፋዩ ዕቃው እስኪደርሰው ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይጠብቃል። ይህን አሠራር ከዕቁብ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው የሚወስደው ባልንጀሮቹ ያዋጡትን ገንዘብ ነው፤ እዚህ ግን ከፋዩ የሚጠብቀው ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው። ለልብስ ሰፊ ቀብድ ሰጥቶ እንደ መጠበቅ ነው ቢባል ይቀርባል፤ ልዩነቱ ልብስ ሰፊው እጅግ ብዙ ደንበኞች ያሉት፣ ከእነሱም አንዱ እንኳ ጨርቁን በእጁ ያልዳሰሰ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገናኘው እንዲህ ነው። ከፋዩ ዕቃውን ስላልሞከረ የሚፈርደው በአብዛኛው በሥዕሉ ነው። በሥዕል የሚያምረው ደግሞ የጨዋታው ሕግ ሳይሆን የፕላስቲክ ዳይኖሰር ነው። ገንዘቡ ከታሰበው በላይ ሲሞላ ከፋዮችን ለማበረታታት የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ቅርጻ ቅርጽ፣ ወፈር ያለ ካርታ፣ ያማረ ሣጥን ነው፤ የነጥብ አሰጣጡን አንድ ተጨማሪ ወር እንፈትነዋለን ብሎ ገንዘብ የጠየቀ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞም ቀብዱን የሚከፍለው ልጁም አይደለም፣ መምህሩም አይደለም፤ በአመዛኙ ጨዋታ መሰብሰብ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ስለሆነም ለልጆች ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን እንኳ አስቀድሞ የተመረጠው በአዋቂ ዓይን መሆኑን የዕቅድ ባለሙያ ሊዘነጋው አይገባም። በአንጻሩ ይህ መንገድ ባይኖር ኖሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማይደፍሯቸው፣ ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው አንዱን የመሰሉ ጠንካራ ሥራዎች ባልታተሙም ነበር። ይህን አለመመስከር ግፍ ይሆናል።

ከታወቁት መካከል ፓንዳሳውረስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ዳይኖሰር አይላንድ» ብዙ አያቆየንም። ተጫዋቹ የመናፈሻ ባለቤት ነው። የዳይኖሰር ዲ.ኤን.ኤ. እያሰባሰበ እንስሳቱን ይፈጥራል፤ ጎብኚ ይስባል፤ የጥበቃው አቅም ከአደጋው መጠን ካነሰ ጎብኚዎቹ ይበላሉ፣ ባለቤቱም ነጥብ ይቀነስበታል። የንግድ ሥራን ወጪና ገቢ ለማለማመድ የሚከፋ አይደለም። ስለ ቅሪተ አካል ግን የሚያስተምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም መምህሩ ሊያርመው የሚገባ ስሕተት ይዟል። እስከ ዛሬ ከተነበቡት ጥንታውያን ዲ.ኤን.ኤ.ዎች ሁሉ የሚልቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የግሪንላንድ ግኝት ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ዳይኖሰሮች ደግሞ፣ ወፎችን ሳንጨምር፣ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው ራሱን የሳይንስ መምህር አድርጎ ስለማያቀርብ በዚህ አልወቅሰውም። ሮዝ ቀለም ያላቸው ዳይኖሰሮቹም ቢሆኑ እውነተኞች ነን የሚሉ አይመስሉም።

ዘመዴ ያመጣው ሣጥን «ፎሲሊስ» ይባላል። ደራሲው ዴቪድ ዲያዝ፣ አሳታሚው ኪድስ ቴብል ቦርድ ጌሚንግ የተባለ የካናዳ ድርጅት ሲሆን፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሰሌዳው እንደ ሌሎቹ ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ገበጣ ጉድጓዶች አሉት። በጉድጓዶቹ ውስጥ ትንንሽ አጥንቶች ይቀበራሉ፤ በላያቸው አሸዋ፣ ሸክላና ድንጋይን የሚወክሉ ክዳኖች ይደረደራሉ። ተጫዋቹ ባለው ጉልበት ልክ ክዳኖቹን ከቦታቸው እያንቀሳቀሰ አጥንቱን ያጋልጣል፤ ከዚያም በወረንጦ ያወጣዋል። የሰበሰባቸው አጥንቶች ካርታው የሚጠይቀውን ዓይነት ሲያሟሉለት የዳይኖሰሩን ካርታ ይወስዳል፤ ነጥቡም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የጨዋታው ብልኃት ሊመሰገን ይገባል። ወረንጦው ከጉድጓዱ ሲገባ በቤቱ ያለው ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ቁፋሮ ትዕግሥትንና የእጅ ርጋታን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከአንድ ምዕራፍ ማብራሪያ ይልቅ ያቺ ጸጥታ ታስረዳለች። ልጁ የትኛውን ጉድጓድ አስቀድሞ ቢከፍት እንደሚሻል ሲያሰላ፣ ያጋለጠውን አጥንት ሌላው ሊቀድመው እንደሚችል ሲሠጋ፣ ጉልበቱን ማብቃቃት ይማራል። ሰሌዳው ላይ መነበብ ያለበት ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ እንግሊዝኛ ያልጠነከረ ልጅም አይቸገርም። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ለመምህርቷ «ይጠይቁ፣ ይጠቅማል» ብዬ ልጽፍላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጉድለቱ የሚጀምረው አጥንቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከአሸዋ ሥር የወጣውና ከድንጋይ ሥር የወጣው አንድ ናቸው። ከሰሌዳው ማዕዘን የተነሣውና ከመካከሉ የተነሣው አንድ ናቸው። አጥንቱ ከተጫዋቹ ፊት ከተቀመጠ ጀምሮ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ ክዳኑም ከቦታው ተነሥቷል፤ ጉድጓዱም ባዶ ነው። ጨዋታው የሚሸልመው ያገኘና የወሰደ ልጅን ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በመስክ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላት፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን የነገረን አጥንቷ አይደለም። የነገረን በአካባቢው ንጣፎች መካከል የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ማዕድን ውስጥ የተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ተለክቶ የንጣፎቹ ዘመን ታወቀ፤ አጥንቶቹም ከየትኛው ንጣፍ እንደወጡ ስለታወቀ ዘመናቸው ታወቀ። አንድ መንገደኛ እነዚያን አጥንቶች ለቅሞ በአቁማዳ ወደ ከተማ አምጥቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ አጥንቶቹ እነዚያው ሆነው ሳለ፣ ዛሬ ስለ እነሱ የምናውቀው ከግማሽ ያነሰ በሆነ ነበር። የዲኪቃዋ ሰላም ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አጽሟን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ በአሸዋ ድንጋይ ተውጣ ስለነበር ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሡ ማጽዳት ዓመታት ወስዶ ግኝቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ነጥብ አያስገኙም።

እዚህ ላይ መምህራን ከተማሪዎቻቸው የሚሰሙትን አንድ መደናገር ማንሣት ይጠቅማል። ልጆች ሉሲንና ዳይኖሰርን የአንድ ዘመን ጎረቤቶች አድርገው ያስባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በአገራችን የዳይኖሰር ቅሪት የለም ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ፣ በሙገር ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ጥርሶቹ ሥጋ በልም ቅጠል በልም ዳይኖሰሮች በዚያ እንደነበሩ ያመለክታሉ። ትንንሾች ናቸው፤ በሙዚየም አዳራሽ ቆሞ የሚታይ አጽም ከእነሱ አይገጣጠምም። «ፎሲሊስ» ላይ ቢቀበሩ የትኛውንም ካርታ የሚሞሉ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የአባይ ገባሮች ሸለቆዎችና የአፋር ሜዳዎች ባሉባት አገር፣ ከብት ሲጠብቅ ድንጋይ የሚመስል አጥንት የሚያነሣ ልጅ የሚኖረው በሐሳብ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲገለጽ ያዝዛል። አንድ ትምህርት ቤት ለዚያ ልጅ «አግኝ፣ አውጣ፣ ውሰድ፣ ነጥብ ቁጠር» የሚል ልምድ በጨዋታ መልክ ቢሰጠው፣ በክፍል ውስጥ ከሚነገረው ማስጠንቀቂያ ይልቅ በእጁ የለመደው እንደሚያይል መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ጨዋታ ይህንኑ ክፉ ልምድ ደብቆ ሳይሆን ገልጦ የሚያሳይ ነው። ስኮት አልምስ ደርሶት ኤፕ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው «ዘ ግሬት ዳይኖሰር ረሽ»፣ በአማርኛ ታላቁ የዳይኖሰር ሽሚያ ልንለው የምንችለው፣ መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲው ኦትኒል ቻርልስ ማርሽና የፊላደልፊያው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ 1890ዎቹ ድረስ አጥንት ሲሻሙ ኖሩ። አንዱ የሌላውን ሠራተኛ በገንዘብ ያስኮበልላል፤ በአንዱ ቁፋሮ ላይ የሌላው ሰላይ ይላካል፤ ባላጋራ እንዳያገኛቸው ተብሎ የተሰባበሩ አጥንቶች እንደነበሩም ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 1890 ጠባቸው በኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ሰማው።

በጨዋታው ተጫዋቾች አጥንቶችን ያሰባስባሉ፤ ከዚያም ከባለ ቀለም በትሮች እንደ ወደዱት አድርገው የየራሳቸውን ዳይኖሰር ይሠራሉ። መስረቅና የሰውን ሥራ ማበላሸት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፉ ሥራ የመጥፎ ዝና ምልክት ያስከትላል። መጥፎ ዝና ለሁሉም ነጥብ ያስገኛል፤ ከሁሉ የበለጠ መጥፎ ዝና ያከማቸው ተጫዋች ግን ያንኑ ያህል ይቀነስበታል። እንደኔ አስተያየት ከአራቱ ጨዋታዎች እጅግ ብልኅ የሆነው ሕግ ይህ ነው። ክፋት እንደማይጠቅም አይሰብክም፤ ልጅ ይህን ስብከት አያምነውምና። የሚለው ባልንጀራህ ካንተ የበለጠ እስከ ሠራ ድረስ ይጠቅምሃል ነው። የሥነ ዜጋ መምህር በዚህ ሕግ ላይ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሊያወያይ ይችላል።

እንደ ፈለጉ ዳይኖሰር መሥራት መፈቀዱን አንዳንድ ሰው ከሳይንስ የራቀ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ከታሪኩ አንጻር እውነቱ እዚህ ላይ አለ እላለሁ። ኮፕ ኤላስሞሳውረስ የተባለውን የባሕር እንስሳ አጽም ሲያቀርብ ጭንቅላቱን በጅራቱ ጫፍ ላይ አድርጎት ነበር፤ ስሕተቱ ሲገለጥበት የታተመውን ጽሑፍ ከያለበት ለመሰብሰብ ሞከረ። ማርሽም ብሮንቶሳውረስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1879 የሰየመውን እንስሳ አጽም የሌላ ዳይኖሰር ራስ አስይዞ አሳለው። ያው ስም እ.ኤ.አ. በ1903 ቀድሞ ከተሰየመው አፓቶሳውረስ ጋር አንድ ነው ተብሎ ተሻረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ራሱን የቻለ ነው ተብሎ ተመለሰ። የዚህ ዕውቀት ጠባዩ ይህ ነው፤ ትናንት የተገጣጠመው ዛሬ ይፈታል። ሊፈታ የሚችለው ግን አጥንቱ ከየት እንደወጣ የተጻፈ ነገር ካለ ብቻ ነው።

ለመምህራን የሚሆን አንድ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። አርተር ሌክስ እንግሊዝ አገር ተወልዶ በኮሎራዶ የሚያስተምር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 በሞሪሰን ከተማ አቅራቢያ ትልልቅ አጥንቶች አግኝቶ ለማርሽ ጻፈ፤ አጥንትም ላከለት። መልሱ ሲዘገይበት ለኮፕም ላከ። ይህን ጊዜ ማርሽ መቶ ዶላር ልኮ ነገሩን በምሥጢር እንዲይዝ ጠየቀው፤ ኮፕም የደረሱትን አጥንቶች ለባላጋራው ለማስተላለፍ ተገደደ። ሌክስ ከዚያ በኋላ ለማርሽ ሲቆፍር የየዕለቱን ሥራ በማስታወሻ ይጽፍ፣ የቁፋሮውን ቦታና ሠራተኞቹን በውኃ ቀለም ይሥል ነበር። እነዚያ ማስታወሻዎችና ሥዕሎች ዛሬም አሉ፤ ተመራማሪዎችም ያነቧቸዋል። ጨዋታው ለስርቆት ሕግ አውጥቷል፤ ለማስታወሻ ግን ሕግ አላወጣም። ሽሚያውን ያሸነፉት ሁለቱ ሰዎች በሰሌዳው ላይ ዝነኞች ናቸው፤ መምህሩ ያደረገው ግን በሰሌዳው ላይ ምንም ዋጋ የለውም።

ለጽሑፍ ዋጋ የሰጠ አንድ ጨዋታ አለ። ብሬክስወርክስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ በቀብድ ያሠራው «ሆሎታይፕ» የሰሜን አሜሪካን የዳይኖሰር ዘመን ይመለከታል። ሆሎታይፕ ማለት የአንድ ዝርያ ስም የተመሠረተበት፣ ለስሙ ምስክር ሆኖ የሚጠበቅ ናሙና ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ አጥንት በእጅ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ተጫዋቹ ምርምር አድርጎ ግኝቱን ማሳተም አለበት፤ ነጥቡም የሚመጣው ከማሳተሙ ነው። ከላይ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማይደፍሩት ያልሁት ይህን ነው። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ግን ይከብዳል፤ እንግሊዝኛውም የሳይንስ ስሞቹም ብዙ ናቸው፤ እንስሳቱም የሌላ አህጉር ናቸው። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ቢሆን አይጠላም። እንደዚያም ሆኖ የሚሸልመው ቀድሞ መሰየምን ስለሆነ፣ ለማንም ዝርያ ስም የማያሰጥ የተሰበረ ጥርስ እዚህም ዋጋው ዝቅተኛ ነው።

ወደ «ፎሲሊስ» ልመለስ። ሕጉን ብናሻሽለውስ በማለት ከአራት ልጆች ጋር ሞከርሁ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ነው። ለእያንዳንዳቸው ደብተር ሰጥቼ ሰሌዳውን በረድፍና በዐምድ እንዲያሰምሩ አደረግሁ። አዲሱ ሕግ አጭር ነበር፤ አጥንቱ ከመነሣቱ በፊት ረድፉ፣ ዐምዱና በላዩ የነበረው ክዳን ዓይነት ካልተጻፈ አጥንቱ አይቆጠርም። ውጤቱን ሳላስውብ እናገራለሁ። ጨዋታው እጅግ ዘገየ። ትንሹ ልጅ ተሰላችቶ ተነሣ፤ በብስኩት መለስነው። አንዱ ከጎረቤቱ ደብተር ገለበጠ። ትልቁ ልጅ አጥንቱን አስቀድሞ አንሥቶ ኋላ ሲጽፍ፣ እኅቱ ወረንጦውን ይዛ «ከየት እንዳወጣኸው አሁን በምን ታውቃለህ?» አለችው። ጉድጓዶቹ ሁሉ በዚያን ጊዜ ተከፍተው ነበርና መልስ አላገኘም።

ይህ ጥያቄ አስደስቶኝ ሕጉ የተሳካ መስሎኝ ነበር። ማታ ደብተሮቹን ሳይ ግን ስሕተቴ ታየኝ። ጽሑፉ በጨዋታው ውስጥ የሚሠራው ሥራ አልነበረም፤ ቅጣትን የሚያስቀር ግብር ብቻ ነበር። ልጆቹ የሚጽፉት እኔ ስላልሁ እንጂ ኋላ ስለሚጠቅማቸው አልነበረም። በየክፍሉ ለቁጥጥር ብቻ የሚሞሉ ስንት ቅጾች እንዳሉ መምህራን ያውቃሉና ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

መፍትሔውን ያመጣችው ያቺው ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የአንድ እንስሳ አጥንቶች አጠገብ ለአጠገብ መሆን የለባቸውም?» አለች። ስለዚህ በተከታዩ ቀን ከተጎራባች ጉድጓዶች መውጣታቸው በደብተር የተረጋገጠ አጥንቶች እጥፍ ነጥብ እንዲያገኙ ተስማማን። አሁን ጽሑፉ ጥቅም አገኘ፤ ክርክሩም በደብተር ማስረጃ ሆነ። ነገር ግን ሁለተኛ ችግር መጣ። በጨዋታው አጥንቶቹ የሚቀበሩት በዕድል ነው። ጉርብትናቸው ምንም አይነግርም፤ እጥፍ ነጥብ ያገኘውም ዕድለኛው ነው። ይህን ለማቃናት አንዱ ልጅ ከጨዋታው ወጥቶ ቀባሪ ሆነ፤ የአንዱን እንስሳ አጥንቶች አንድ ላይ፣ ጥቂቶቹንም ጎርፍ እንደ ወሰዳቸው አድርጎ ወደ አንድ ወገን በትኖ ቀበራቸው። ሌሎቹ ከደብተራቸው ተነሥተው ጎርፉ ከየት ወደ የት እንደሄደ መገመት ነበረባቸው። ሁለቱ በትክክል ገመቱ፤ አንዱ ተቃራኒውን ገመተ፤ ቀባሪው ልጅ ግን ከሁሉም በላይ ተደስቶ ዋለ።

እዚህ ስንደርስ ከሣጥኑ ውስጥ የምንጠቀምበት ሰሌዳው፣ አጥንቶቹና ወረንጦው ብቻ ነበሩ። ካርታዎቹ ወደ ክዳኑ ተመልሰዋል።

ለመምህርቷ የጻፍሁላቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጨዋታውን በእርዳታ መጠየቁን ይተዉት፤ ቢመጣ አይጎዳም፣ ባይመጣም አይቀርብዎትም። አንድ የጣውላ ሣጥን፣ በሦስት ንጣፍ የሚደረደር አሸዋ፣ ቀይ አፈርና ጠጠር፣ የታጠቡና የተቀቀሉ የዶሮ አጥንቶች፣ በሣጥኑ ላይ እንደ መረብ የሚወጠር ሲባጎና የተሰመረ ደብተር ይበቃል። የሚሰበር አጥንት ካለ ጀሶ መግዛት አያስፈልግም። የኮፕ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1876 በሞንታና ሲቆፍር ሩዝ አብዝቶ ቀቅሎ ሙቁን በጨርቅ ላይ እየቀባ አጥንቶቹን ይጠቀልልበት ነበር፤ የእኛም ልጆች በሩዝ ሙቅ ሞክረውት ጨርቁ በማግሥቱ ደርቆ ጠንክሯል። ቀባሪው ሁልጊዜ ተማሪ ይሁን፣ መምህር አይሁን፤ ንጣፎቹ ሲደረደሩ ያየ ልጅ የትኛው ቀድሞ እንደተቀመጠ አይጠፋውምና። አጥንቶቹ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ተመልሰው ይቀበሩ፤ ደብተሮቹ ግን በማዕከሉ ይቀመጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ሳይቆፍር ከደብተሩ ብቻ ምን እንደነበረ እንዲናገር ይጠየቅ።

የአራቱ ልጆች ደብተሮች እኔ ዘንድ ይገኛሉ። በአንደኛው፣ በትንሹ ልጅ ደብተር አራተኛ ገጽ ላይ፣ የረድፉ ቁጥር ተጽፎ የዐምዱ ቦታ ባዶ ቀርቷል። የጎድን አጥንት ነው። ልጆቹ ተማክረው አልቆጠሩለትም፤ እሱም አልተከራከረም፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።